ከጀሶ ወደ ብርሃን፤ ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልክ አወሳሰድ
(ደጀን ላይ ለማኅበሩ አባላት ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ደጀን በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በበረሃው ግድግዳ ላይ የኖራ ድንጋይና የጀሶ ንብርብር ይገኛል። ጀሶ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ግንበኛው ነው። ይሁን እንጂ ጥርሳቸው ላለቀ ሰዎች የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስም የሚቀረጸው በጀሶ ቅርጽ ላይ ነው። ንግግሬ ከዚሁ ይነሣል። የአፍ ልክ ሲወሰድ ስሕተት ከየት ይገባል? በብርሃን የሚለካው አዲሱ መሣሪያስ የትኛውን ያርማል? የትኛውንስ አያርምም?

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ መጽሐፍ አይደለም። እናቴ የዚሁ ወረዳ ነዋሪ ናቸው። ጥርስ ለማሠራት ዓባይን አራት ጊዜ ተሻግረዋል፤ አንድ ጊዜ ልክ ለመስጠት፣ አንድ ጊዜ ለመቀበል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለማስሞረድ። በመጨረሻም ጥርሱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ሙዳይ ውስጥ ገባ፤ እርሳቸውም እንጀራውን በወጥ እያራሱ መብላታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ አንተ ድልድይ ትለካለህ፤ ይህችን አፍ የሚለካት ጠፋ?» አሉኝ።

በተለመደው አሠራር ሐኪሙ ከባሕር አረም የሚገኘውን አልጂኔት በውሃ በጥብጦ አፍ ውስጥ በማስገባት ልኩን ይወስዳል። አልጂኔት አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ አየር ላይ ከቆየ ይኮማተራል። በላዩ የሚፈሰው ጀሶ ደግሞ ሲጠነክር በጥቂቱ ይሰፋል። በጀሶው ላይ የሚበስለው አክሪሊክ፣ ዱቄቱና ፈሳሹ ተዋሕደው ሲጠነክሩ፣ በይዘት 7 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ከእነዚህ ስሕተቶች አንዱ ሌላውን የሚያቃልልበት ጊዜ አለ፤ የሚደመሩበት ጊዜም አለ። የላይኛውን ጥርስ በላንቃ ላይ አጣብቆ የሚይዘው በመካከል ያለው ስስ የምራቅ ሽፋን ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አየር ይገባል፤ ጥርሱም ይወርዳል።

የአፍን ልክ በብርሃን የመውሰድ ሐሳብ በእ.ኤ.አ. 1973 ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ዱሬ በሊዮን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ተብራርቷል። በ1985 ደግሞ ቬርነር ሞርማንና ማርኮ ብራንደስቲኒ በዙሪክ መሣሪያውን በታካሚ ላይ አዋሉት። የአሠራሩ መሠረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀያሽ ወንዙን ሳይሻገር ማዶውን በማዕዘን እንደሚለካ ሁሉ፣ ከእነዚህ ስካነሮች ብዙዎቹ ብርሃን ጥለው ነጸብራቁን በካሜራ በማንበብ የድዱን ቅርጽ ያሰላሉ። ከዚያም ጥርሱ አስቀድሞ ከጠነከረ የአክሪሊክ ጡብ በማሽን ይቀረጻል። መኮማተሩ ጡቡ ሲመረት ስላለቀ፣ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው።

ሆኖም መሣሪያው ሁሉን ቻይ አይደለም። ስካነር ትንንሽ ምስሎችን እየሰፋ ነው ሙሉውን ቅርጽ የሚያወጣው። ጥርስ የሌለው ድድ ለስላሳና እርጥብ በመሆኑ፣ ምልክት በሌለው ሜዳ ላይ እንደሚደረግ ቅየሳ፣ ስሕተቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሰፋ ይሄዳል። ብርሃን ድድን አይጫንም፤ ምላስና ጉንጭ ሲንቀሳቀሱ የጥርሱ ጠርዝ የት መቆም እንዳለበትም በራሱ አይለይም። ስለዚህ ጠርዙን በሐኪም እጅ ወስዶ ያንኑ ልክ ከአፍ ውጭ በስካነር ማንበብ ዛሬም የሚመረጥ መንገድ ነው።

ሌላም እውነት አለ። አንትዬ ታልግሬን በ1972 ያሳተመችው፣ 25 ዓመት የሸፈነ ጥናት፣ ጥርስ ካለቀ በኋላ የመንጋጋ አጥንት መቀነሱን እንደማያቆም፣ የታችኛውም ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዛሬ ልክ የሆነው ጥርስ ነገ ልክ አይሆንም። የተቀመጠ የኮምፒውተር መዝገብ ካለ ግን የተሰበረውን ጥርስ ደግሞ መሥራት፣ ለውጡንም ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

እንግዲህ ለደጀን ምን ይበጃል? ከዚህ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው የበረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አዛውንት ከሚሻገሩት መዝገቡ ቢሻገር ይሻላል። ሐሳቤ ውድ መሣሪያ ገዝተን እናስመርቅ የሚል አይደለም። በመጀመሪያ በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል የሠለጠነ እጅ ልኩን ይውሰድ፤ ልኩ ሳይደርቅ እዚያው ከአፍ ውጭ በሚያነብ ስካነር ይነበብ፤ መዝገቡም ጥርሱ ወደሚቀረጽበት ይላክ። በክልላችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች መሐንዲሶችን ያስተምራሉ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል ማዘጋጀት፣ መሣሪያውን በየጊዜው በታወቀ ልክ ማረጋገጥ፣ የሚጠግነውን ሰው ማሠልጠን የእኛ ድርሻ ነው። እነዚህ ከሌሉ ስካነሩ ራሱ ሙዳይ ይገባል።

የመጨረሻው ሙከራ የሚደረገው ግን በገበታ ላይ ነው። እናቴ ጥርሳቸውን ከሙዳዩ አውጥተው ቆሎ የቆረጠሙ ዕለት፣ ያን ጊዜ ለክተናል እንላለን።