ስለ ደም መመረዝና ስለ ደም ማጥለያ መሣሪያ
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ደም መመረዝ፥ ሐኪሞች ሴፕሲስ ስለሚሉት ደዌ፥ ጥቂት ለመናገር ቆሜአለሁ። ስሙ ያሳስተናል እንጂ ሕመሙ ደም መርዝ ስለ ጠጣ የሚመጣ አይደለም። ጀርም ወደ ሰውነት ሲገባ ሊያድነን የተነሣው መከላከያ ከልክ አልፎ የገዛ ሳንባችንንና ኵላሊታችንን ሲጐዳ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2017 በዓለም 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ እንደ ተያዙ፥ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደ ሞቱ ተገምቷል። ከታመሙት እኩሌታ የሚቀርቡት ልጆች ነበሩ።

ሐኪሙ ይህን የሰውነት ቍጣ በደም ውስጥ ይለካዋል። በ1930 የተገኘውንና ጉበት የሚሠራውን ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፥ እንዲሁም ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን ይመረምራል። እነዚህ ከፍ ሲሉ ጢስ እንደ ታየ ይቈጠራል፤ እሳቱ የት እንዳለ ግን ብቻቸውን አይነግሩም።

ታዲያ ደሙን አውጥቶ፥ አጥልሎ መመለስ አይቻልምን? ይቻላል። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 ኵላሊት ለከዳው በሽተኛ በሴሎፎን ቱቦ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ሠራ። የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ የመረቡን ዐይን እንደሚመርጥ ሁሉ፥ መሣሪያውም ጥቃቅኑን እድፍ አሳልፎ የደም ሕዋሳትን ያስቀራል። ኵላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ ረድኤት ነው።

ሊቃውንትም «እንግዲያው ቍጣውን የሚያባብሰውን ንጥረ ነገር እናጥልል» አሉ። ነገር ግን በ2013 በታተመ የአውሮጳ ጥናት፥ ማጥለሉ በእጥፍ ቢጨመርም የሚሞተው ሰው ቍጥር አልቀነሰም። ማጥለያው ለፈውስ የተሰጠውን መድኃኒትም አብሮ ያወጣል። ጢሱን ማባረር እሳቱን ማጥፋት አይደለም።

ከአገራችንም ምስክር አለ። በቅማል በሚተላለፈው በትኩሳት ግርሻ የታመመ ሰው ፔኒሲሊን ሲወጋ፥ ጀርሙ በብዛት ይሞትና እነዚያ ንጥረ ነገሮች በደሙ ይጐርፋሉ፤ ሰውየውም ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። በ1996 በታተመው የአዲስ አበባ ጥናት፥ ሐኪሞች ከፔኒሲሊኑ አስቀድመው ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያከሽፍ መድኃኒት ለ20 በሽተኞች ሰጡ። ከእነዚህ 10ሩ ብቻ በዚህ ሁኔታ ሲናወጡ፥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት 29 ግን 26ቱ ተናወጡ። ከጐርፉ በፊት መድረስ እንደሚረዳ ከዚህ እማራለሁ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። እናቶቻችን ሆይ! አራስ ልጅ ጡት እንቢ ሲል፥ ሰውነቱ ሲግል ወይም ሲቀዘቅዝ፥ ትንፋሹ ሲፈጥን፥ እስኪነጋ አትጠብቁ። ትልቅ ሰውም ትኩሳት ይዞት ቢቃዥና ሽንቱ ቢያንስ እንዲሁ ነው። ደሙ ተመርዞ የደም ግፊቱ ለወደቀ በሽተኛ ፀረ ጀርም መድኃኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ሐኪሞች ይመክራሉ። በሐይቅ ዳርም ብንኖር በታቦር፥ ከመሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ ነው።