የክብደት ሚዛንና የሰው ፍርድ



በኢትዮጵያ «ወፈር ብለሃል፤ ተስማምቶሃል» ማለት ለረጅም ዘመን የደስታ ቃል ነበር፤ ሙሉ ሰውነት የጥጋብና የጤና ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና። ዛሬ ግን ያው ቃል በተለይ በከተማ ወቀሳ ሲሆን ይሰማል። ወፍራሙም ሆዳም፣ ሰነፍ፣ ራሱን መግዛት ያቃተው ተብሎ ይፈረድበታል።

ለዚህ ፍርድ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ስሌት፣ ማለትም ክብደትን በቁመት ካሬ ማካፈል፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ያደረገው ጥናት ነው። ኬትሌ የፈለገው የብዙኃኑን አማካይ ማወቅ እንጂ የአንዱን ሰው ጤና መመርመር አልነበረም። በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪይስ ከባልደረቦቹ ጋር «ቦዲ ማስ ኢንዴክስ» ብሎ ሰየመው። ስሌቱ ስብን ከጡንቻ አይለይም።

ይኸው ኪይስ በ1945 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ምግብ በግማሽ ገደማ አቆይቷቸው ነበር። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላም ብዙዎቹ በልተው መጥገብ ተሳናቸው። እንግዲህ ምግብ ቀንሶ ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ሰነፍ ሊባል አይገባም፤ ሰውነት ረኀብን ይከላከላልና።

ከልክ ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን በምርመራ ክፍል የተዋረደ በሽተኛ ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል። ስለሆነም ባለሙያው ክብደቱን ከመዘገበ በኋላ የደም ግፊቱንና የስኳሩን መጠን ይለካ፤ ስለ አኗኗሩም በአክብሮት ይጠይቀው።