ስለ ዮሮ የተጀመረው ክርክር

የእሁዱን የስፖርት ሰዓት ያሞቀው ተከላካዩ ሌኒ ዮሮ ነበር። ማንችስተር ዩናይትድ በፈረንጆቹ 2024 ክረምት ለሊል ከ60 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ሲያስፈርመው ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

«በዚህ ዋጋ የደረሰ ተከላካይ ይገዛል» አለ አቅራቢው። አጥቂ ጎል ስቶ ቢቀጥልም፣ የመሃል ተከላካይ ስህተት ግን ወዲያው ጎል ሆኖ ይቆጠራል ሲል ሞገተ።

ባልደረባው አልተቀበለችውም። «ሎስ አንጀለስን ረሳህ እንዴ?» አለችው። ዮሮ እዚያ ከአርሰናል ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ለወራት ተቀመጠ። ሲድን አሰልጣኙ ተቀይሮ ነበር፤ ያኔ አዲስ የነበረው ሩበን አሞሪም ደግሞ በሦስት ተከላካዮች የሚያጫውት ነበር። ቡድኑም ሊጉን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በእንዲህ ያለ ዓመት ልጅ መመዘን ከባድ ነው፤ እዚህ ላይ የእሷ ሐሳብ ሚዛን ይደፋል።

«እሺ፣ የአርሰናሉ ተከላካይ ሳሊባስ?» ብላ ቀጠለች። አርሰናል በ2019 በ18 ዓመቱ ገዝቶት ለሴንት ኤቲየን፣ ለኒስና ለማርሴይ አዋሰው። ለአርሰናል በነጥብ ጨዋታ መጀመሪያ የተሰለፈው በ2022 ነው።

«ዮሮ ሊዮን ላይ ጎል አግብቷል፤ እሱን አልክድም» አለ አቅራቢው። «እኔ የምጠብቀው ግን በአየር ኳስ ከግዙፍ አጥቂ ጋር ሲታገል ማየት ነው።»