ሳይርቅ በቅርቡ፦ ስለ ቴክሳሱ ብርድና ስለ መረዳጃችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንመክርበት የፈለግነው ጉዳይ ብርድ ነው። ዳላስና አካባቢዋ ስንመጣ ስለ ቴክሳስ የተነገረን ሙቀቷ ብቻ ነበር። ሚኒሶታና ዴንቨር ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ ስለ በረዶ ሲያማርሩ፣ እኛ «ወደዚህ ኑ» እያልን እንስቅባቸው ነበር። ሳቁ የቆመው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ያ ሳምንት ምን እንደነበረ፣ ሰው በምን እንደሞተና በምን እንደዳነ አስታውሰን፣ ከዚያ በመጨረሻ አንድ ውሳኔ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

ነገሩ የጀመረው ከበረዶው በፊት ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ማለዳ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ የፈጣን መንገዱ አስፋልት በስስ በረዶ ተለብጦ 133 መኪኖች ተላተሙ፤ 6 ሰዎች ሞቱ። ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ይሄዱ ከነበሩት መካከል የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩበት። ከእኛም ስንቶቻችን በዚያው ሰዓት ለነርሲንግ ሆምና ለኤርፖርት ሥራ እንደምንወጣ ታውቃላችሁ።

እሑድ ፌብሩዋሪ 14፣ በእኛ የካቲት 7 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዋናው የበረዶ ማዕበል ደረሰ። ልጆቻችን በመስኮት እያዩ ተደሰቱ። የከፋው ግን በረዶውን ተከትሎ የመጣው ቁር ነበር። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 16 ጠዋት በዳላስ ፎርት ዎርዝ ኤርፖርት የተመዘገበው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የቤታችን ፍሪዘር ሥጋ የሚያደርቀው ከዜሮ በታች 18 ላይ መሆኑን ስታስቡት፣ ውጭው ከፍሪዘራችን ውስጥ ይበልጥ ይቀዘቅዝ ነበር ማለት ነው።

መብራቱም በዚያው መካከል ሄደ። ሰኞ ፌብሩዋሪ 15፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1:25 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:25፣ የቴክሳስን የኤሌክትሪክ መረብ የሚቆጣጠረው ኤርኮት መብራት እንዲቆረጥ አዘዘ። የጋዝ ጉድጓዶችና ቧንቧዎች በርደው ጋዙ ቀነሰ፤ ለእንዲህ ያለ ብርድ ያልተዘጋጁ ማመንጫዎች ቆሙ፤ በዚያው ሰዓት ሁሉም ሰው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቷል። የቴክሳስ መረብ ደግሞ ከጎረቤት ስቴቶች መረብ ጋር እምብዛም ስላልተገናኘ፣ ከሌላ ቦታ በቂ ኃይል መበደር አልተቻለም። መረቡ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ብቻ ቀርቶት እንደነበር በኋላ ተገልጿል። ያ ሆኖ ቢሆን ጨለማው ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት በቆየ ነበር።

መብራቱ በየተራ እንደሚጠፋና እንደሚመጣ ነበር የተነገረው። የጎደለው ኃይል እጅግ ብዙ ስለነበር ተራው አልደረሰም። ከሆስፒታል ጋር በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች መብራታቸው ሳይጠፋ ሲያድር፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው አፓርታማ ሁለትና ሦስት ቀን በጨለማ ቆየ። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ቧንቧዎች በየጣሪያው ፈነዱ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰዎችም ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ ተባሉ።

ይህ ድንገት የወረደ መዓት ብቻ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2011 ተመሳሳይ ብርድ መጥቶ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት ባለሙያዎች ማመንጫዎቹ ለክረምት እንዲዘጋጁ መክረዋል። ምክሩ ግን ግዴታ ስላልነበር ብዙው በወረቀት ላይ ቀረ። ከ2021ዱ ጥፋት በኋላ ነው ማመንጫዎቹ ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ የወጣው። ሕጉ መውጣቱ መልካም ነው። ሆኖም አሥር ዓመት ሙሉ ምክር በወረቀት ላይ መቅረቱን ያየ ሰው፣ ደኅንነቱን ለሌላ ትቶ አይተኛም።

እህቶቻችን፣ አሁን ወደ ሟቾቹ እንምጣ። የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት የቆጠራቸው 246 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ 161ዱን የገደላቸው ብርዱ ራሱ ነው። 25ቱ የቆየ ሕመማቸው ተባብሶባቸው ሞቱ፤ 22ቱ በመኪና አደጋ፣ 19ኙ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 10ሩ በእሳት፣ 9ኙ ወድቀው። የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ የሞቱት በገዛ ቤታቸው ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተደራርበው ነው። ሽማግሌ ሰው ብርዱ ሰውነቱን ሲያደክመው መንቀጥቀጡን ይተዋል፤ ሐሳቡ ይደነጋገራል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል። በዚያ ሰዓት ራሱ ስልክ አንሥቶ እርዳታ አይጠይቅም። አንድ ሰው በሩን ካላንኳኳለት በቀር አይነቃም።

ስለ 19ኙ ለብቻው እንናገር፤ ጉዳዩ የእኛንም ቤት ይነካልና። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ነዳጅ፣ ጋዝ፣ እንጨት ወይም ከሰል አየር በሚያጥረው ቦታ ሲነድ ይወጣል። በሳንባችን ገብቶ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰውየው ጉንፋን ወይም ድካም መስሎት ይተኛል። በዚያ ሳምንት ሰዎች ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሡ፤ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ አቆሙ፤ የሥጋ መጥበሻውን የከሰል ምድጃ ሳሎን አስገቡ። ሂውስተን ከተማ ከእኛው ማኅበረሰብ በዚሁ ጋዝ ሕይወት ጠፍቷል። ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥ።

እኛ የቡና አገር ልጆች ነን። ከሰል በየቤታችን አለ፤ ምድጃውም አለ። አገር ቤት እናቶቻችን ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ወጥቶ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገቡ ነበር። «ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለውን ይዘን ነው የመጣነው። እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ለሁሉም ንገሩ፦ ጭስ ያልቃል፤ ጋዙ ግን አያልቅም። የቀላ ከሰል፣ ጭስ የሌለው ከሰል፣ አመድ የለበሰ ፍም ሁሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣሉ። በአገር ቤት ብዙው ቤት በበሩና በጣሪያው ስንጥቅ አየር ያስገባ ነበር። የዚህ አገር አፓርታማ ሙቀት እንዳያስወጣ ተብሎ የተዘጋ ነው፤ ጋዙንም አያስወጣም። በኤሌክትሪክ ምድጃ የተፈላ ቡናም ቡና ነው፤ ዕጣኑን እንኳ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ማጨስ ይቻላል።

በዚያ ሳምንት የማስጠንቀቂያ መልእክት በየስልካችን ደርሶን ነበር። የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ስልኩ ሲጮህ አዩት እንጂ ምን እንደሚል አላወቁም። ልጆቻቸው ሲያትል ወይም ዲሲ ናቸው፤ ወይም ሌሊት ሥራ ላይ ናቸው። ጊዜው ደግሞ የኮሮና ጊዜ ነበር፤ ሰው ሰው ቤት መግባት ፈርቷል።

ታዲያ ምን አዳነን? ማንም ሳያዘው የተደረገ ነገር ነው። የዕቁብ ሰብሳቢዋ የስልክ ዝርዝሯን አውጥታ ከላይ እስከ ታች ደወለች። መብራት ያልጠፋባት እህት ሳሎኗን ፍራሽ በፍራሽ አድርጋ፣ ማስክ አስደርጋ ሦስት ቤተሰብ አሳደረች። አንዷ በሶ ይዛ ዞረች፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ ለመበጥበጥ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ጎረምሶቻችን መኪናው ስለማይንቀሳቀስ በእግራቸው እየሄዱ የእማማን በር አንኳኩ። እማማም በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያሉት «ግቡ፣ ቡና ላፍላ» ነው። ሳቅን፤ አቅፈንም አወጣናቸው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ያን ሳምንት የደረስነው ለምናውቀው ሰው፣ ስልኩ ለተገኘ ሰው ነው። ቀጣዩ ብርድ ሲመጣ የአንዲት እናት ሕይወት የዕቁብ ሰብሳቢዋ ስልክ ቻርጅ በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ እንዳይንጠለጠል፣ ኮሚቴው ሦስት ነገር አቅርቧል።

አንደኛ፦ አባላት በሚኖሩበት ሠፈር አምስት አምስት ሆነው ይደራጁ። እያንዳንዱ ምድብ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችን፣ አራስ ያለችበትን ቤት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ይመዝግብ። ዝርዝሩ በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ይጻፍ። የብርድ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ጠዋትና ማታ ይደወል፤ ስልክ ያላነሣ ሰው በሩ ይንኳኳ። ማስጠንቀቂያውም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በድምፅ ተቀርጾ ይላክ። የመጠለያ ቦታ የሚጠየቅበት 211፣ ለአደጋ የሚደወልበት 911 መሆኑን ሁሉም ይያዝ።

ሁለተኛ፦ በእያንዳንዱ አባል ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይኑር። በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ነውና የምንፈልገው።

ሦስተኛ፦ ከክረምት በፊት በየምድቡ የአንድ ቀን ትምህርት ይሰጥ። ውርጭ በሚሆንበት ሌሊት ቧንቧውን በቀጭኑ ማንጠብጠብ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ማደር፣ የውሃውን ዋና መዝጊያ ቦታ ማወቅ፣ ውሃ አፍልቶ ጠጡ ሲባል ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ማቆየት፤ እነዚህ ለተማረውም ላልተማረውም እኩል የሚጠቅሙ ናቸው። የመብራት ውሉንም እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ከእናቶች ጋር ሆኖ ያንብብላቸው። በዚያ ሳምንት የጅምላ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት እስከ 9 ዶላር ወጥቶ፣ ዋጋው ከገበያ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ውል የነበራቸው ሰዎች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጠይቀዋል።

ለዚህ ሁሉ ከየወሩ መዋጯችን ጥቂት ድርሻ እንዲመደብ የመተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻል ብለናል። በዚህ ላይ ከአባላት የተነሣውን ተቃውሞ ሰምተነዋል። «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ዛሬ ገንዘቡን ለደወልና ለባትሪ ካወጣን፣ ነገ ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት በምን እንልካለን?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ማኅበሩን በአምስትና በአሥር ዶላር ያቋቋሙ እናቶቻችን ናቸው። ቃላቸው ይከብዳል። አስከሬን ወደ አገር መላክ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚፈጅ እኛም እናውቃለን፤ የቀብሩ ገንዘብ ቃል ኪዳን ነው፤ አይነካም። የጠየቅነው በደንቡ ላይ አዲስ መስመር እንዲጨመር ነው።

እናቶቻችንን አንድ ነገር ግን በትሕትና እንጠይቃለን። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን አብረን እናድራለን። በዚያ ሁሉ ደግነት የሚያስተዛዝን ማኅበር፣ ከሞቱ በፊት በነበረው ሌሊት አንድ ስልክ ቢደውል ምን ይጎድልበታል? አንድ ደወል የሚገዛው ከ40 ዶላር ባልበለጠ ገንዘብ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ያሉት አባቶቻችን የእድርንም ሥራ የተናገሩ ይመስለናል።

ለጋሾቻችን፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ለመጀመሪያው ዓመት የደወሎቹን ዋጋ እንድትሸፍኑልን ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ባትሪ መቀየሩም፣ በር ማንኳኳቱም የራሳችን ሥራ ይሆናል። የት ቤት እንደገባ፣ ማን እንዳስገባው በስም ዝርዝር ሳይሆን በቁጥር በየሩብ ዓመቱ በዚህ ጋዜጣ እናሳውቃችኋለን።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በየጠረጴዛችሁ ላይ አለ። ከጀርባው ደግሞ ባዶ መስመር ትተናል። ደንቡን ደገፋችሁም ተቃወማችሁም፣ በሠፈራችሁ ብቻዋን የምትኖር አንዲት እናት ካለች በዚያ መስመር ላይ ጻፉልን። ክረምት ሳይገባ ሄደን እንጠይቃታለን።