ትንሣኤ ሙታን ከየት መጣ? መጽሐፈ ሄኖክና የእምነታችን ታሪካዊ ምንጭ



ዛሬ እንድናገርበት የተጋበዝኩት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ። የክርስትና እምነት ምንጩ የት ነው ብሎ መጠየቅ እምነቱን እንደ መካድ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ጥያቄውን የሚያነሡት ቤተ ክርስቲያንን ለማሳፈር ብቻ የሆኑ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ አንድ እምነት ታሪክ ካለው፣ በጊዜ ውስጥ ካደገ፣ ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የማልቀበልበትን ምክንያት በደፈናው ከማወራላችሁ፣ አባቶቻችን ጠብቀው ባቆዩልን አንድ መጽሐፍ ላይ ቆሜ ላስረዳ። መጽሐፉ መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት ለሄኖክ የተሰጠው ቦታ ጥቂት መስመር ነው። ከአዳም ሰባተኛ ትውልድ የሆነው ይህ ሰው አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ፤ ከዚያም እግዚአብሔር ስለ ወሰደው አልተገኘም፤ ሌላ የለም። በስሙ የተጠራው መጽሐፍ ግን 108 ምዕራፍ አለው። ከሰማይ ስለ ወረዱትና ስለ በደሉት መላእክት፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ አካሄድ፣ ስለ 364 ቀን ዓመት፣ ስለ ፍርድ ቀን ይናገራል። በአዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት ሄኖክን በስም ጠርቶ ትንቢቱን ይጠቅሳል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካርታጎው ጠርጡልያኖስ ለመጽሐፉ ተከራክሯል። ሄሮኒሞስና አውግስጢኖስ ግን አልተቀበሉትም። በምዕራቡ ዓለም ገልባጭ አጣ፤ ጠፋ። በግሪክኛም ከቁራጭ በቀር አልተረፈም። ሙሉው የቀረው በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በተመለሰበት ቋንቋ በግእዝ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰማንያ አሐዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራው ስትገለብጠው ኖራለች።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተመልሶ በ1773 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ሲደርስ ሦስት ቅጂ ይዞ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው፤ ኦገስት ዲልማን በ1851 የግእዙን ጽሑፍ ከበርካታ ቅጂዎች እያስተያየ አወጣው። ያኔ ክርክሩ ተነሣ። መጽሐፉ ውስጥ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ በነገሥታትና በኃያላን ላይ የሚፈርድ፣ ዓለም ሳይፈጠር ስሙ የተጠራ፣ የሰው ልጅ የሚባል ምርጥ አለ። የሙታን ትንሣኤ አለ። የክፉ መላእክት መታሰሪያ እሳት አለ። ይህ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ ዘንድ ተጽፎ ከሆነ ወንጌል አዲስ ያመጣው ምኑን ነው? ከልደት በኋላ ከሆነ ደግሞ ክርስቲያኖች በሄኖክ ስም የጻፉት ነው ማለት ነው። በእጅ የነበሩት የግእዝ ቅጂዎች ዕድሜያቸው ጥቂት መቶ ዓመታት ብቻ ስለነበር ሁለቱም ወገን ያሻውን መናገር ይችል ነበር። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ቀደምት ቅጂዎች አንዱ በጣና ሐይቅ በክብራን ገብርኤል ገዳም ያለው ሲሆን፣ እሱም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን እምብዛም አያልፍም።

ክርክሩን የለወጠው በሙት ባሕር ዳርቻ በኩምራን የተገኘው ነገር ነው። ከ1947 ጀምሮ ከዋሻዎቹ ብራናዎች መውጣት ጀመሩ፤ በ1952 ደግሞ አራተኛው ዋሻ ተገኘ። ከዚያ ከወጡት በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ክፍሎች በአራማይክ ተጽፈው ተገኙ። ፖላንዳዊው ዮዜፍ ሚሊክ ለዓመታት ገጣጥሞ በ1976 አሳተማቸው። ከቅጂዎቹ ቀደም የሚሉት በፊደላቸው ቅርጽ ሲመዘኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 200 ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸው። የግእዙ መጽሐፍ የቆመበት መሠረት የአይሁድ መሆኑ፣ የአገራችን ገልባጮችም በብዙው ታማኝ እንደነበሩ ያኔ ተረጋገጠ።

አሁን አንዱን ምዕራፍ ቀረብ ብለን እንየው። በ22ኛው ምዕራፍ ሄኖክን መልአክ ወደ ምዕራብ ይወስደዋል። እዚያ ታላቅና ረጅም ተራራ፣ በተራራው ውስጥም ጥልቅና ሰፊ፣ ግድግዳቸው ልሙጥ የሆነ ስፍራዎች ያያል። የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩባቸው ናቸው። አንዲት ነፍስ ስትጮኽና ስትከስ ይሰማል፤ ማን ናት ብሎ ሲጠይቅ ቅዱስ ሩፋኤል የአቤል ነፍስ እንደሆነች፣ የቃየል ዘር እስኪጠፋ መክሰሷን እንደማትተው ይነግረዋል። ስፍራዎቹ የተለያዩ ናቸው። ለጻድቃን በተለየው ስፍራ የሚያበራ የውኃ ምንጭ አለ። በሕይወታቸው ሳይቀጡ ሞተው የተቀበሩ ኃጥኣን ደግሞ ለብቻቸው ተለይተው ፍርድ ይጠብቃሉ። የዚህ ምዕራፍ ቁራጭም በአራማይክ በኩምራን ተገኝቷል።

ይህን ካያችሁ በኋላ የሉቃስ ወንጌልን 16ኛ ምዕራፍ አንብቡ። ባለጠጋው በሥቃይ ሆኖ ውኃ ይለምናል፤ አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ ነው፤ በመካከላቸው የማይሻገሩት ገደል አለ። ሉቃስ ከሄኖክ ገለበጠ አልልም፤ ለዚያ ማስረጃ የለኝም። የምለው ይህን ነው፤ ጌታችን ምሳሌውን ሲናገር ሰሚዎቹ የሙታን ስፍራ የተከፈለ መሆኑን፣ ለጻድቁ ውኃ እንዳለ፣ ለበዳዩ እንደሌለ ከማንም ማብራሪያ ሳይፈልጉ ያውቁ ነበር። ያንን ያስተማራቸው እንደ መጽሐፈ ሄኖክ ያሉ ጽሑፎች የተወለዱበት ዘመን ነው።

ከዚያ ዘመን በፊት እንዲህ አልነበረም። በብሉይ ኪዳን ቀደምት ክፍሎች ሲኦል ለጻድቅም ለኃጥእም አንድ ነው፤ ጨለማና ዝምታ ነው። መዝሙረኛው በሞት ውስጥ እግዚአብሔርን የሚያመሰግን እንደሌለ አምርሮ ይናገራል። መክብብም ሙታን አንዳች እንደማያውቁ ይገልጻል። የጻድቅ ዋጋው ረጅም ዕድሜ፣ ልጆች፣ በሰላም መቀበር ነበር። ከምድር ትቢያ የሚነሡ ሙታን እንዳሉ በግልጽ የሚናገረው ትንቢተ ዳንኤል፣ ምዕራፍ 12 ነው፤ እሱም በሊቃውንት ዘንድ ከብሉይ መጻሕፍት በመጨረሻ ከተጻፉት ይቆጠራል። በጌታ ዘመንም ቢሆን ጉዳዩ አልተቋጨም ነበር፤ ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይሉ ነበር፤ ፈሪሳውያን አለ ይሉ ነበር። ወንጌልም የሐዋርያት ሥራም ይህን ክርክር አይደብቁም።

ታዲያ እምነቱ ለምን መጣ? ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ ይህ ነበር። በ167 ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሡ አንጥያኮስ ኤጲፋንዮስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ ሕጉን የጠበቁትን አስገደለ። ጻድቁ ጽድቁን ስለያዘ ብቻ በወጣትነቱ ከተገደለ ረጅም ዕድሜ ዋጋው ነው የሚለው ትምህርት አይበቃም፤ ስለዚህ ፍትሕ ከሞት በኋላ ተጠበቀ። እናታቸው እያየች የተገደሉት የሰባቱ ወንድማማች ታሪክ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። መልሱ ልብ ይነካል፤ ትልቅ እውነትም አለበት። ነገር ግን አይበቃም። የኩምራን ቁርጥራጮች እንደሚያሳዩት የመጽሐፈ ሄኖክ የመጀመሪያው ክፍል፣ ያ የነፍሳት ተራራ ጭምር፣ አንጥያኮስ ሳይነግሥ በፊት የነበረ ይመስላል። ስለዚህ ጥያቄው ከስደቱ በፊት ተጠይቋል። ያልተቀጣ በዳይ፣ ደሙ ያልተመለሰለት አቤል በየትኛውም ዘመን አለ፤ ጥያቄውን ለማንሣት ንጉሥ መጠበቅ አላስፈለገም።

ሌሎች ወደ ፋርስ ያመለክታሉ። አይሁድ ከ539 ጀምሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለት መቶ ዓመት ያህል በፋርስ መንግሥት ሥር ኖረዋል፤ በዞራስተር ሃይማኖትም ትንሣኤ፣ የመጨረሻ ፍርድ፣ የክፉ መናፍስት ሠራዊት አለ። ተጽዕኖ መኖሩን ማስወገድ አይቻልም። ችግሩ ማስረጃው ነው። የዞራስተር መጻሕፍት እጃችን ያሉት ቅጂዎች ከመካከለኛው ዘመን የመጡ ናቸውና የትኛው ቃል በየትኛው ዘመን እንደነበረ መለየት ከባድ ነው። በየመድረኩ "ክርስትና ከፋርስ የተወሰደ ነው" እያሉ በድፍረት የሚናገሩ ሰዎች ይህን ችግር ለሰሚው ሊነግሩት ይገባል። አይነግሩትም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ወደ የሰው ልጅ ልለፍ፤ እጅግ የሚያከራክረው እሱ ነው። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ የሄኖክ ምሳሌዎች የሚባለው ክፍል በኩምራን አልተገኘም። አንድ ቁራጭ እንኳ የለም። ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክፍሉን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያን ጻፈው አለ። ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተከተሉትም፤ እኔም ምክንያታቸው ያሳምነኛል። መጽሐፈ አስቴርም በኩምራን አልተገኘም፤ ስለዚህ አስቴር በዚያ ዘመን አልነበረም የሚል የለም። ከዚህም በላይ በምሳሌዎቹ ውስጥ የኢየሱስ ስም የለም፤ መስቀል የለም፤ ሞቶ መነሣት የለም። ክርስቲያን ጽፎት ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሁሉ መተዉ አይገባም። በ56ኛው ምዕራፍ ጳርቴዎችና ሜዶናውያን በምድሪቱ ላይ እንደሚነሡ ይነገራል፤ ይህን ብዙዎች ጳርቴዎች በ40 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይሁዳን ከወረሩበት ጊዜ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ክፍሉ በልደት ዘመን ዙሪያ፣ ጥቂት ቀደም ወይም ጥቂት ዘግየት ብሎ፣ በአይሁዳዊ እጅ የተጻፈ ነው የሚለው ዛሬ ሚዛን የሚደፋ አስተያየት ነው።

ይህ ከሆነ የማቴዎስን 25ኛ ምዕራፍ የምናነብበት መንገድ ይለወጣል። የሰው ልጅ በክብሩ ዙፋን ተቀምጦ ሲፈርድ፣ ለዲያብሎስና ለመላእክቱ የተዘጋጀ እሳት ሲጠራ፣ ወንጌላዊው ለሰሚዎቹ ባዕድ የሆነ ሥዕል አላመጣም። ከዳንኤል የጀመረ፣ በሄኖክ ምሳሌዎች የሰፋ ተስፋ ነበር። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። ያ ፈራጅ ከናዝሬት የመጣ፣ በሮማውያን እጅ በዕንጨት የተሰቀለ ሰው ነው መባሉ ነው። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ፈራጁ ራሱን ከተራበ፣ ከታረዘና ከታሰረ ሰው ጋር አንድ ያደርጋል። ይህን በመጽሐፈ ሄኖክ ብትፈልጉ አታገኙትም። ታሪካዊ ጥያቄ እምነትን ያደኸያል የሚሉ ሰዎች ይህን እንዲመዝኑ እለምናለሁ፤ የተወረሰው ምን እንደሆነ ያላወቀ አዲሱን ከየት ለይቶ ያያል?

"ተወርሷልና ሐሰት ነው" የሚለውም አያስኬድም። ሐሳብ ከየት እንደመጣ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ነው። ትንሣኤ ሙታን መቼ እንደታመነ ታሪክ ሊያሳይ ይችላል፤ ሙታን ይነሡ እንደሆነ ግን ታሪክ አይፈርድም። እኔ እንደሚነሡ አምናለሁ። ይህን እምነት አባቶቻችን በብዙ እንባ እንዳገኙት ማወቄ እምነቴን አላቀለለብኝም።

መጠየቅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ሚላድ ሄኖክን ምስክር አድርገው ሲሟገቱ፣ ስለ ክርስቶስ የምናምነው ከጥንት መነገሩን ለማሳየት ነበር። በእጃቸው የነበረው ግእዙ ብቻ ነው። እኛ ግን አራማይኩም ግሪክኛውም አለን። እሳቸው በአንድ ምስክር የተሟገቱበትን መጽሐፍ፣ አራማይኩና ግሪክኛው በተረፉባቸው ክፍሎች፣ እኛ በሦስት ምስክር ልንመረምረው እንችላለን።

የሚያሳስበኝ ይህ ሥራ በአብዛኛው በእኛ እጅ አለመሆኑ ነው። ዲልማን ጀርመናዊ ነበር፤ ከሱ በኋላ የግእዙን ጽሑፍ ያሳተመው ቻርልስ አየርላንዳዊ፣ በ1978 አዲሱን የግእዝ እትም ያወጣው ማይክል ኒብ እንግሊዛዊ ነው። ድካማቸውን አከብራለሁ። ከእኛም ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን ሺህ በሺህ የብራና መጻሕፍት በመዘርዘር ዕድሜያቸውን የሰጡ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቅ ነበሩን። ነገር ግን የግእዝን ቅኔ ቤት ከአራማይክ ትምህርት ጋር ያጣመሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ክቡራን አባቶች፣ በየገዳሙ ያሉት የመጽሐፈ ሄኖክና የመጽሐፈ ኩፋሌ ቅጂዎች ከቦታቸው ሳይነሡ፣ በእናንተው ጠባቂነት ፎቶ እንዲነሡ ፍቀዱ፤ እሳትና ምስጥ አይጠብቁንም። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ግእዛችሁን ከመምህራኑ በሚገባ ተማሩ፤ በላዩም አራማይክንና ግሪክኛን ጨምሩበት፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ሳትፈሩ ጠይቁ።