ሥራ አልቀበልም ያለ ሰው

«ሥራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ ሰው ርዳታ አይገባውም» የሚል ቃል በየቢሮው ሲነገር እንሰማለን። ፍርዱ ከላይ ሲታይ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይመረመር ሊፈረድ አይገባም።

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው ወር በወር የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሢሶ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። ይህ ላለፈ ድካም የሚሰጥ ዋጋ ስለ ሆነ፣ አዲስ ሥራ እምቢ በማለት የሚቀር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ግን ከዚህ ይለያል፤ መሥራት የሚችል ችግረኛ በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችለው አረጋዊ ያለ ሥራ ይረዳል።

ርዳታን ከሥራ ጋር ያያያዙ ሌሎች አገሮች ለጉዳዩ ልክ አበጁለት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣችው ሕግ፣ በሚሠራበት አውራጃ ቀድሞ ያገኝ ከነበረው ባነሰ ደመወዝ የቀረበለትን ሥራ ያልተቀበለ ሰው መብቱን አያጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 168 ደግሞ፣ ሥራው ተስማሚ መሆኑ የሚታወቀው የሰውየው ዕድሜ፣ ልምድና የቤተሰብ ሁኔታ ሲመዘን ነው ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ባታጸድቀውም ሚዛኑ ይጠቅመናል።

እስቲ በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው በቡሹሎ የምትኖር አንዲት የሕፃን እናት እናስብ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ተራ ያለበት ሥራ ቢቀርብላትና እምቢ ብትል፣ ሰነፍ ናትን? በ2011 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች የመነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል መሆኑን ገልጾ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ባልተወሰነበት አገር፣ የመጓጓዣና የሕፃን ጠባቂ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፋት ምንድር ነው?

በአንጻሩ ደመወዙ ከኑሮው፣ ሰዓቱም ከቤቱ የሚስማማውን ሥራ እየናቀ ከርዳታው መዝገብ የማይወጣ ሰው፣ ተራውን የሚጠብቀውን የጎረቤቱን ድርሻ ይዞ ተቀምጧል። ለእርሱ ማዘን ለሌላው መጨከን ነው።

እንግዲህ መዝገብ በእጃችሁ ያለ ሹማምንትና ጸሐፊዎች ሆይ፤ ስም ከመሰረዛችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፤ ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡ፤ ይግባኝ የሚባልበትንም በር አመልክቱ። አንድ መስመር መሰረዝ ለብዕር ቀላል ነው፤ ለአንድ ቤት ግን የወር ቀለብ ነው።