የደረት ውጋትና የልብ ሥጋት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ጉዳይ ብዙ ሰው በውስጡ ይዞት የሚዞር፣ ነገር ግን ደፍሮ የማይናገረው ነው። ይኸውም አርባውን ዓመት ባለፈ ሰው ላይ የሚነሣ፣ ተመርምሮም ምክንያቱ ያልተለየ የደረት ሕመምና እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ፍርሃት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ጎልማሳ በሐሳባችን እናቁም። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት አብሮት የሠራ ባልደረባው በድንገት ዐርፎ፣ ቀብሮት ተመልሷል። የሟቹን የሞት ምክንያት የመረመረ ሐኪም ባይኖርም፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሁሉም ወሬ «ልቡ ነው የገደለው» የሚል ነበር። በሦስተኛው ሌሊት የእኛን ሰው በግራ ደረቱ በኩል አንዳች ነገር ወጋው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ እጁ ከደረቱ አይለይም። በስብሰባ መካከል የደም ሥሩን ትርታ ይቆጥራል፤ ዳገት መውጣት ይፈራል፤ ልጆቹን ባየ ቍጥር ዐይኑ እንባ ያቀራል። ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ይመረመርና «ልብዎ ደኅና ነው» ሲባል ደስ ብሎት ይመለሳል። ሳምንት ሳይሞላ ግን «መሣሪያው ተሳስቶ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይገባውና ወደ ሌላ ሐኪም ይሄዳል። ደመወዙ በመንገድና በምርመራ ያልቃል፤ ሥራው ይበደላል፤ የቤቱም ሰላም ይታወካል።

በሌላ በኩል ደግሞ ዳገት በወጣ ቍጥር ደረቱን እየተጫነው «ብርድ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሰው አለ። ሐኪም ዘንድ የማይሄደው ስለማይፈራ አይደለም፤ የሚነገረውን ስለሚፈራ ነው። አንዱ ከፍርሃቱ የተነሣ ዕለት ዕለት ይመረመራል፤ ሁለተኛውም ከዚያው ፍርሃት የተነሣ አንድ ቀን እንኳ አይመረመርም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሁለተኛው ነው። ለፊተኛው ደግሞ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት ይስማማዋል። የዛሬው ንግግራችን ለሁለቱም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜ የማይሰጠውን ነገር እንናገር። በደረት መካከል እንደ ከባድ ሸክም የሚጫን ወይም አጥብቆ የሚጨመድድ ሕመም ሲሰማ፣ ሕመሙም ወደ ክንድ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሲዛመት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ራስን መሳት ሲጨመርበት፣ ጥቂት ደቂቃ ዐርፈውም ካልተወ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። እስኪነጋ ወይም ጽሕፈት ቤቱ እስኪዘጋ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። በሴቶች፣ በሽማግሌዎችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ አደጋ ብርቱ ሕመም ሳያሳይ፣ በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። እንዲሁም ሲሠሩ የሚመጣና ሲያርፉ የሚተው የደረት ሕመም፣ ምንም እንኳ ቶሎ ቢያልፍ፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ሊነገር የሚገባው ነው። ደም ብዛት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ወይም የቅርብ ዘመዱ ገና በጎልማሳነቱ በልብ በሽታ የሞተበት ሰው ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ ሐኪሙ የደም ግፊትን ይለካል፤ ልብንና ሳንባን ያዳምጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ደም ያስመረምራል፤ ኢሲጂ በሚባለውም መሣሪያ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ ያስነሣል። ይህ መሣሪያ የሚሠራበትን መንገድ ያስገኘው የኔዘርላንድ ሐኪም ዊለም አይንትሆቨን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ሆኖም ሐኪም ፍርዱን የሚሰጠው በአንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። የሕመሙን ታሪክ፣ የሰውየውን ዕድሜና ኑሮ፣ የምርመራውንም ውጤት አንድ ላይ መዝኖ ነው። ስለዚህ ታማሚው ሕመሙ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሠው ሳይደብቅ መናገር ይገባዋል።

ልብ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ? ብለን እንጠይቅ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ጥቂት ያሳስተናል። ባላገሩም ከተሜውም ሆዱ ሲቃጠል «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል፤ ሲርበው «ልቤ ዛለ» ይላል፤ ሲያዝንም «ልቤ ተሰበረ» ይላል። ከደረት እስከ ሆድ ያለውን ሁሉ በአንድ «ልብ» በሚለው ቃል ስለምንጠራው፣ በዚያ ወገን የሚሰማን ስሜት ሁሉ የልብ በሽታ ይመስለናል። በደረት ውስጥ ግን ከልብ በቀር የምግብ መውረጃ ቧንቧ፣ ሳንባ፣ ጡንቻ፣ የጎድን አጥንትና ለስላሳ አጥንቱም አሉ። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ የምናውቀውን ቃር ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከልብ ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። በጾም ቀን ሳይበሉ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ጠግቦ መብላት፣ በልቶም ወዲያው መተኛት ያብሰዋል። ለወገብና ለጕልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ የሚዋጠው ዲክሎፌናክም ጨጓራን ይጎዳል። የጎድን አጥንት መጋጠሚያ ሲቆጣ ደግሞ ቦታው በጣት ሲጫኑት ያምማል። ሙሉ ቀን ወንበር ላይ ጐብጦ የሚጽፍ ሰው የደረቱና የትከሻው ጡንቻ ቢታመምም አያስደንቅም።

በአዊ ምድር ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከለ ከሰል ሲያከስል ቆይቷል። በክረምት ሌሊት መስኮትና በር ዘግቶ በከሰል ምድጃ መሞቅ ግን አደገኛ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው፣ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራስ ያሳምማል፤ ያዞራል፤ ደረትን ያጠብቃል፤ ልብንም ያስመታል። ሲበዛም ተኝቶ ያለን ቤተ ሰብ ይገድላል። ሌሊት በቤት ውስጥ የሚብስበት፣ ከቤት ወጥቶ ነፋስ ሲያገኝ ግን የሚሻለው ሰው ከልቡ በፊት ምድጃውን ይመርምር።

ከእነዚህም ሁሉ በኋላ በሰውነት ላይ ጕዳት ሳይገኝ የሚቀር ሕመም አለ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ልባቸው የሚመታባቸውን፣ ደረታቸው የሚወጋቸውንና ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ብዙ ወታደሮች መርምሮ፣ በልባቸው ላይ ይህን ሁሉ የሚያመጣ ጕዳት ማግኘት አልቻለም። ጥናቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 አሳተመ። በአንደኛውም የዓለም ጦርነት ይኸው ሕመም «የወታደር ልብ» ተባለ። ሰር ቶማስ ልዊስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም እነዚህን ሰዎች አልጋ ላይ ከማቈየት ይልቅ ቀስ በቀስ እየጨመሩ የአካል እንቅስቃሴ ማሠራት እንደሚጠቅም አስረዳ። በጦር ሜዳ የዋሉት እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች ወይም ፈሪዎች አልነበሩም። ዛሬም ደረቱን የሚያመው ሰው ሕመሙ የእውነት ነው፤ የተሳሳተው ለሕመሙ የሰጠው ትርጕም ነው።

ይህም የሚሆነው እንደዚህ ነው። ሰው ሲፈራ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ጡንቻው ይወጠራል፤ አተነፋፈሱም ይፈጥናል። በጣም ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቱ ይደነዝዛል፤ ራሱን ያዞረዋል፤ ደረቱም ይጠብቃል። እርሱ ግን ይህን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው ይበልጥ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ሕመሙን ይጨምራል። እንዲህ ያለው ድንገተኛ ድንጋጤ ብዙ ጊዜ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ እየበረደ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመዝገብ ቤት ሥራ ከምናውቀው ሥርዓት አንድ ትምህርት እንውሰድ። አንድ ጉዳይ ማስረጃው ተሟልቶ፣ በሚገባው ሹም ታይቶ ውሳኔ ካገኘ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። ባለጉዳዩ ስለ ተጠራጠረ ብቻ ዕለት ዕለት አይከፈትም፤ አዲስ ማስረጃ ሲቀርብ ግን ይከፈታል። ለደረት ሕመምም እንዲሁ ይሁን። ምርመራው በአንድ በሚታመን ሐኪም ዘንድ እስከ መጨረሻው ይፈጸም፤ ውጤቱም ይቀመጥ። ከዚያም «ምን ዐይነት ምልክት ባይ ልመለስ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅና መልሱን በወረቀት መጻፍ ነው። አስቀድመን የዘረዘርናቸው የአደጋ ምልክቶች ወይም ከቀድሞው የተለየ አዲስ ሕመም ከመጣ መዝገቡ ያለ መዘግየት ይከፈት። ያው የታወቀው ውጋት ብቻ ከሆነ ግን ተዘግቶ ይቈይ።

መዝገቡን ዘግቶ ማቈየት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ መለማመድ ያሻል። ትርታውን በቀን ሃያ ጊዜ የሚቆጥር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥር ጊዜ፣ በሁለተኛው አምስት ጊዜ እያለ ይቀንስ። «ደኅና ነኝ ወይ?» እያለ ባለቤቱንና ባልደረባውን መጠየቁንም እንዲሁ ያሳንስ፤ ማረጋገጫ በተሰጠው ቍጥር ለጥቂት ሰዓት ዕረፍት ቢያገኝም፣ ጥርጣሬው ይበልጥ ይለምዳልና። ድንጋጤው ሲመጣ ተቀምጦ በቀስታ ይተንፍስ፤ የሚያስወጣውንም ትንፋሽ ከሚያስገባው ያስረዝም። ሐኪሙ ከፈቀደለትም በየቀኑ በእግሩ ይሂድ፤ የተወውንም ዳገት እንደ ገና ይጀምር።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ፣ በሕዝቡ ጩኸት መካከል ሳይበረግጉ የሚጋልቡትን ፈረሶች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፈረስ ጥላ አይቶ ሲበረግግ ባለቤቱ ሁልጊዜ መንገድ ቢቀይርለት፣ ፈረሱ ጥላውን እየፈራ ይኖራል። ጥሩ ፈረሰኛ ግን ልጓሙን ሰብስቦ፣ እያባበለ፣ በርምጃ ወደ ጥላው ያቀርበዋል። ለፈራ ልብም የሚበጀው እንዲህ ያለው አያያዝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍርሃቱ ለወራት ካልተወ፣ እንቅልፍ ከነሣና ሥራ ካስተጓጐለ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል። በንግግር የሚሰጥ ሕክምናም ሆነ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ብዙዎችን ከዚህ ሥቃይ አሳርፏል። ይህን መጠየቅ ለአንድ ሹም ወይም ለአንድ አባወራ ነውር አይደለም። ጸበል የሚጠመቅም በእምነቱ ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ። የቤተ ሰብና የሥራ ባልደረቦችም ድርሻ አላቸው። ታማሚውን «ምንም የለብህም» ብሎ መሳቅ ያሳፍረዋል፤ በየለቅሶውም «ልቡ ነው» እያሉ ያልተመረመረ ሞት መተርጐም ሌላውን ያስደነግጣል።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤ በጎልማሳነት ዕድሜ ሞትን ማሰብ የሰው ሁሉ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ሞትን በመፍራት ብቻ የሚያልፍ ዘመን፣ ሞት ሳይወስደው የጠፋ ዘመን ነው። እስካሁን ያልተመረመረ ነገ ሄዶ ይመረመር፤ ተመርምሮ ደኅና የተባለም መዝገቡን ዘግቶ ወደ ሥራውና ወደ ልጆቹ ይመለስ።